እናትን መጦር የአንዲት ልጅ ዕዳ ብቻ ነውን?

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ድካም ነው እህቴ። እናቴ ሌሊቱን ስትጨነቅ አደረች። ጠዋት ደግሞ አርፍደሻል ብሎ አለቃዬ ተቆጣኝ» አሉኝ።

እኒህ ሴት የፋብሪካ ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ናቸው። እናታቸው በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አዛውንቷ አራት ልጆች አሳድገዋል። ይሁን እንጂ ማጠቡ፣ ማጉረሱና ሐኪም ቤት ማመላለሱ የወደቀው በአንዲቱ ላይ ነው። አንደኛው ወንድም ከውጭ አገር ገንዘብ ይልካል፤ ሌላው በበዓል ቀን ብቅ ይላል፤ ታናሽ እህት ደግሞ በስልክ «እንዴት አደረች?» ትላለች።

ውድ አንባብያን! ወላጅን መጦር የተከበረ ባህላችን መሆኑ አይካድም። ሆኖም «ልጆቿ ጦሯት» ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የጦረችው አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት መሆኗን ልብ ልንል ይገባል። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ዘመድ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። በሕይወት ላሉት አዛውንት ግን አንዲት ሌሊት ተክቶ የሚያድር ይታጣል። የሚላከው ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል፤ በሽተኛ ግን አያገላብጥም።

ሕጉም ቢሆን ሸክሙን በአንድ ሰው ላይ አልጣለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ሲደነግግ፣ ሴት ወይም ወንድ፣ ታላቅ ወይም ታናሽ ብሎ አልለየም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቤተሰቡ ይሰብሰብ። የሳምንቱ ሥራ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ ሌሊቱ፣ እጥበቱ፣ ቀጠሮው፣ ወጪው። ከዚያም እያንዳንዱ ድርሻውን በስሙ ይውሰድ። ውጭ ያለው የረዳት ደመወዝ ይክፈል፤ ከተማ ያለው በሳምንት አንድ ሌሊት ይደር። እናቱን ያጎረሰ ወንድ ክብሩ አይቀንስም። እናትም እየሰሙ እንደሌሉ አይነገርባቸው፤ ፈቃዳቸው ይጠየቅ።

በአስታማሚነት ላይ ያላችሁ እህቶች የሚከተሉትን ብታስታውሱ ትጠቀማላችሁ።

ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ይለወጥ። ተረከዝ፣ ዳሌና የወገብ መጨረሻ በየቀኑ ይታዩ፤ ቆዳው ቀልቶ ከቆየ ቁስል ሊጀምር ነውና ቦታው አይታሽ፣ አይጫን።

ምግብ የሚሰጠው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ ነው። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ ለሐኪም ይነገር።

መራመድ የሚችሉ ከሆነ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ሌሊት ብርሃን ይኑረው፤ የሚያዳልጥ ምንጣፍም ይነሳ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ ይዛችሁ ቅረቡ። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ በድንገት ቢቀባዥሩ «እርጅና ነው» ተብሎ አይተው፤ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ አሳክሙ።

ሠራተኞች ደግሞ መብታችሁን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ጥቂት ቢሆንም ሳይናገሩ ከመቅረት ይሻላል።

ጎረቤቴ ባለፈው እሑድ ወንድምና እህታቸውን ጠርተው፣ ውጭ ያለውንም በስልክ አገናኝተው ተነጋገሩ። ከታናሽ እህት ጋር ገና አልተስማሙም። ወንድማቸው ግን ቅዳሜ ሌሊቱን ተቀብሏል። «ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኛሁ» አሉኝ።

እህቶች ሆይ! አስታማሚም ሰው ናት፤ ትደክማለች፣ ትታመማለች። «አግዙኝ» ማለት እናትን መጥላት አይደለም። ወንድሞችም ለመቅበር ከመሰብሰባችሁ በፊት ለማስታመም ተሰብሰቡ።