አምቦን ጠጥቶ አምቦን አለማየት

ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ አስተናጋጁ «ውሃ በጋዝ ነው ያለ ጋዝ?» ይላል። «አምቦ» ይባላል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አረንጓዴው ጠርሙስ ይመጣል፣ ቆርኪው ሲነሳ «ትስ» ይላል፣ አረፋው በብርጭቆው ጎን ተለጣጥፎ ቆይቶ አንድ በአንድ ሽቅብ ይወጣል። ውሃው በዘመናዊ መንገድ መታሸግ የጀመረው እንደ ጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር በ1930 ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ የከተማዋ ስም በየጠረጴዛው ሲጠራ ኖሯል፤ ከጠሪዎቹ ስንቱ አምቦ ድረስ ሄዶ ገላውን ታጥቧል?

ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ ማለዳ የተነሳ ሰው ምሳውን አምቦ ይበላል። በአንድ ዘመን ከተማዋ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ ከውሃዋ ጋር የሚሄድ ስም ነው። ከየሬር ተራራ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል በሚዘልቀው የእሳተ ገሞራ መስመር ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በስንጥቁ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል፣ እዚያ ይሞቃል፣ ማዕድንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመለሳል። የአካባቢው ከብት አርቢ ይህን ከፋብሪካው በፊት ያውቀዋል፤ ማዕድን ያለውን ውሃ «ሆራ» ብሎ ከብቱን ወደዚያው ይነዳል።

በከተማዋ ያለው የፍልውሃ መዋኛ ገንዳ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ሰው ቅዳሜና እሁድ ሲጠራ የኖረ ነው። አሁን ግን የጎብኚው ዓይን ሌላ ቦታ ነው። በእሳተ ገሞራ ሐይቁ የሚታወቀው ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» የቱሪዝም ፕሮጀክት ውስጥ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተካተተ፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አደረገው፤ ቀጥሎም ሎጁ ተመረቀ። ይገባዋል። ሐይቁን ከእሳተ ገሞራው አፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ገንዘቡ ያለ ቦታው ወጣ አይልም። ቅር የሚለው አምቦ የወንጪ መተላለፊያ ብቻ ሆና መቅረቷ ነው፤ እንግዳው ነዳጅ ይሞላል፣ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

ሁለቱ የሚርቁት በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንጪ ላይ በፈረስ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰው ማታ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ደጋው ብርድ አጥንቱ ድረስ ይገባል። ለዚህ ሰው ከሞቀ የማዕድን ውሃ የተሻለ ምን ይቀርብለታል? የጉደር ፏፏቴም በማግስቱ አለ፤ ከአምቦ ቅርብ ነው። የአንድ ቀን መንገድ የሁለት ሌሊት ቆይታ ይሆናል፤ ያኔ አልጋ አከራዩም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ቆሎ ሻጯም ድርሻቸውን ያገኛሉ።

እርግጥ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። አምቦ ያለችበት ምዕራብ ሸዋ ባለፉት ዓመታት ግጭት ያደከመው አካባቢ ነው፤ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣ ሰው ከሆቴሉ ዋጋ በፊት የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው።

ሰላሙ ሲገኝም ፍልውሃውን ለሀብታም ብቻ ማጠር ስህተት ይሆናል። ቡዳፔስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1913 በተከፈተው የሴቼኒ ፍልውሃ እስከ ዛሬ የከተማው ሕዝብና ቱሪስቱ አብረው ይታጠባሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣችው የፍልውሃ ሕግ ያለ አካባቢው አስተዳዳሪ ፈቃድ ፍልውሃ ፍለጋ መቆፈርን ከለከለች፤ ምንጩ ከደረቀ ሆቴሉ ባዶ ግንብ ነውና። አዲስ አበባ ራሷ ከእንጦጦ የወረደችው ወደ ፍልውሃ ነው፤ እዚያ ዛሬም ተራ ሰው ትኬት ቆርጦ ይታጠባል።

ለአምቦም መነሻው ቀላል ነው፤ የውሃው ሙቀትና የማዕድን ይዘት ተመርምሮ በር ላይ ይለጠፍ፤ ልብስ መቀየሪያው ንጹሕ ይሁን፤ ለነዋሪው የተለየ ዋጋ ይኑር፤ ወደ ወንጪ በሚወስደው መገንጠያ ላይም ፍልውሃው የሚገኝበትን የሚያመለክት ሰሌዳ ይተከል።