ልጆቻችን ዝም እያሉ ነው

የአሰላና የጭላሎ ዙሪያ እኩዮቼ፣ የልጅ ልጅ ታቅፋችሁ የምትውሉ አያቶች፣ ዛሬ የምላችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የልጆቹ እናት ዓረብ አገር፣ አባት አዳማ ወይም አዲስ አበባ ነው። ሕፃናቱ የቀሩት በእኛ እጅ ነው። በእኛው እጅ እያሉ ዝም እያሉብን ነው።

ለቅሶ ስደርስም፣ ለሽምግልና ስጠራም በየቤቱ የማየው አንድ ነው። ቡናው ተፈልቶ ትልልቁ ሰው ስለ ስንዴ ዋጋ ያወራል፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ ጥግ ይዞ ስልክ ላይ አፍጥጧል። ውሃ ሲጠማው የአያቱን ቀሚስ ጎተት አድርጎ ጆጉን በጣቱ ያሳያል። እሷም ትቀዳለታለች። ጠጥቶ ወደ ስልኩ ይመለሳል። በዚህ መሀል ከሁለቱም አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም። አያቱ በጣም ትወደዋለች። ግን ሳይናገር ሁሉ ነገር ስለሚሞላለት፣ ምን ብሎ አፉን ይክፈት? ጆጉን ይዛ ትንሽ ብትታገስ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች «ውሃ ነው የፈለግከው? ውሃ በል» ብትለው፣ እሱም «ዋ» ቢል፣ ያቺ «ዋ» ትልቅ ነገር ነበረች።

ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው መልስ ከሚሰጠው ሰው ነው። ድምፅ ሲያሰማ ፊቱን የሚያዞርለት፣ ያለውን ደግሞ የሚያቃናለት ሰው ይፈልጋል። ስልክ ይለፈልፋል፤ ልጁ ምን እንዳለ ግን አይሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። እኛ ቤት ግን ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሳ ጀምሮ ነው። አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ነበር ተረት የሚያወሩት ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ለአገሩ ልጆች አውርተዋል። የእሳቸው ዝግጅት ግን አጭር ነበር፤ ሲያልቅ ልጆቹ ተረቱን እርስ በርስ ይነጋገሩበት ነበር።

ከስልኩ ይልቅ የሚያስፈራኝ «ይደርሳል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» የምንለው ነገር ነው። አንድ ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል የማያያይዝ ልጅ መታየት አለበት። ምናልባት አይሰማ ይሆናል። በደጋችን ብርድ ስንቱ ሕፃን ጉንፋን ይዞት ይከርማል! ጉንፋኑ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ሲመግል «ጥርስ እያበቀለ ነው» ብለን ቅቤ እናንጠባጥባለን። መግሉ በተመላለሰ ቁጥር ጆሮው ይደነዝዛል፤ በደንብ ያልሰማውን ደግሞ በደንብ ሊናገረው አይችልም። ምላጭ ይዞ እንጥል የሚቆርጥ ሰው ጋ የምትሄዱም አላችሁ። እንጥል ማስቆረጥ ማንንም አላናገረም፤ ደም አፍስሶና ቁስል አመርቅዞ ልጅ ግን ገድሏል።

በእንግሊዝኛ ነገርም እናንተን መቆጣት አለብኝ። መዋዕለ ሕፃናቱ «ቤትም በእንግሊዝኛ አዋሩት» አለ ተብሎ፣ ኦሮምኛ እንደ ወንዝ የሚወርድላት አያት ለልጅ ልጇ የተሰባበሩ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ስትወረውር ሰምቼ አዝኛለሁ። በኦሮምኛ ያደጋችሁ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ያደጋችሁ በአማርኛ አዋሩት። ሁለቱም በእናንተ ቤት ካለ ሁለቱንም ይስማ፤ ሕፃን በሁለት ቋንቋ አፉ አይተሳሰርም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማራችሁ ዛሬም በመካከላችን አላችሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በቶሎ የገባው፣ የሚያነበው ቃል አስቀድሞ በጆሮው የነበረ ስለሆነ ነው። ሕፃኑም እንዲሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። መምህሩም መጽሐፉም የየራሳቸው ጉድለት አለባቸው። ነገር ግን ቃል ሳይጠግብ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ የሚወጣው ከእኛ ደጃፍ ነው።

መጽሐፍ የለንም አትበሉኝ። ማታ እሳት ዳር «ሂቦ» ወይም «እንቆቅልሽ» በሉት፤ ካቃተው አገር ይስጣችሁ። ተረቱን ጀምሩለትና መሀል ላይ ቆም በሉ፤ «ከዚያስ ጅቡ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ገብስ ስትለቅሙ፣ ጭኮ ስታሹ የእጃችሁን ሥራ በስሙ እየጠራችሁ ንገሩት። ደጅ አውጥታችሁ ተራራውን አሳዩትና ጭ-ላ-ሎ እያላችሁ አብራችሁ አጨብጭቡ፤ ሦስቴ። ቃል ተከፋፍሎ እንደሚሰማ የለየ ልጅ፣ ነገ ቁቤም ይምጣ ፊደል፣ አይከብደውም። ዳዊት የምትደግሙ፣ ቁርኣን የምትቀሩ፣ ልጁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡትና ጣታችሁን በመስመሩ ላይ አስኪዱ፤ ድምፁ ከዚያ ጥቁር ምልክት እንደሚወጣ በዓይኑ ይየው።

ጆሮው የሚመግል፣ ወይም ሁለት ዓመት አልፎት ሁለት ቃል ያላያያዘ ልጅ ያለባችሁ ግን ተረቱ ብቻውን አይበቃችሁም፤ እናቱ ከዓረብ አገር እስክትመለስም አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሆስፒታል ከላኩትም ሂዱ። ለመሳፈሪያ ያነሳችሁ ለእድራችን ንገሩ። ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለአንድ ሕፃን ጆሮ ማዋጣት አያቅተንም።