ኮቱ ለሰው ወይስ ሰው ለኮቱ?

«ስሞኪንግ» የተባለው የራት ግብዣ ኮት ከጥቁር የቢራቢሮ ክራቫት ጋር ካልተለበሰ፣ ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከታየ ነውር ነው የሚሉ የደንብ ዘበኞች አሉ። ታሪክ ግን ይፈርድባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1865 የለንደኑ ልብስ ሰፊ ሄንሪ ፑል ይህን አጭር ኮት ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ ለተባለው፣ የሰፋለት በሳንድሪንግሃም መኖሪያው ራት ሲበላ ከባለ ጅራቱ ኮት ጣጣ እንዲገላገል ነበር። እንግዲህ ዛሬ ሕግ ሆኖ የሚሰበክልን ልብስ ራሱ የትናንቱን ደንብ አፍራሽ ነው! ባለ ጅራቱ ኮት በተለመደበት በስቶክሆልም አዳራሽም ደራሲው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1982 የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው የላቲን አሜሪካን ነጭ ሊኪሊኪ ለብሶ ነው፤ ክብሩ ቅንጣት አልጎደለም።

ጋባዥን አክብሮ መልበስ ጨዋነት መሆኑን አንክድም። እንግዳን በኮሌታው ሐር መዝኖ ከደጅ መመለስ ግን ትዕቢት እንጂ ጨዋነት አይደለም።