ማን ይናገር የነበረ

በእኛ ግቢ «እኔ» ብሎ መናገር እንደ ነውር ከተቆጠረ ሰነባብቷል። አንድ ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ «እናቴ እንዲህ አለችኝ፣ እኔም እንዲህ አደረግሁ» ብሎ ገና ሲጀምር ከኋላ ወንበር ጉርምርምታ ይነሣል። «የቤቱን ወሬ ለቤቱ ያቆየው!» ይባላል። «ኅብረተሰባችን ካለበት ዘርፈ ብዙ ችግር አኳያ» ብሎ የጀመረው ግን ይጨበጨብለታል። ከአዳራሹ ስንወጣ ምን እንዳለ የሚያስታውስ አንድም ሰው የለም። እሱ ራሱስ መች ያስታውሳል? ወረቀቱ ከእጁ ቢወድቅ ንግግሩም አብሮ ይወድቃል። ለዚህ ነው እጁ የሚንቀጠቀጠው።

የዚህ ልማድ ጠበቆች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «ስለ ራስ ማውራት ግለኝነት ነው፤ የተማረ ሰው ከራሱ ወጥቶ ስለ ብዙኃኑ መናገር አለበት» ይላሉ። እሰየው! ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ያ ብዙኃን የሚባለው ማን ነው? ስም የለውም? እናት የለውም? አገሩ የት ነው?

የኔን አገር ላስቀድም። የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል፤ ስሟ ያልተጋነነ መሆኑን ከመኪና ወርዶ ጋቢውን ያጠበቀ ይመስክር። ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የመጣን ልጆች ዩኒቨርሲቲ ስንገባ መጀመሪያ የምንደብቀው አነጋገራችንን ነው። ቀጥሎ አገራችንን እንደብቃለን። «ከየት ነህ?» ሲሉን «ከጎንደር» እንላለን፤ እሱም ውሸት አይደለም፣ ግን ሽሽት ነው። የጋይንት ስም ሲነሣ ድርቅና ሴፍቲኔት ተከትሎ ይነሣላ! በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ መኖራቸው እውነት ነው። ታዲያ በዚያ ስንዴ ያደገ ልጅ ስለዚያ ስንዴ ቆሞ ሲናገር የሰማችሁት መቼ ነው? የሚናገርለት ሪፖርት ጸሐፊው ነው። ልጁ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ቴሌቪዥን የኮረምን ረሃብ ለዓለም ባሳየ ጊዜ ዓለም አለቀሰ፤ እርዳታም መጣ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ሥዕሉ የእኛ ሰዎች ሲሆን ትረካው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ነበር። የተራበው ሰው ታየ እንጂ አልተሰማም። እስከ ዛሬም ድረስ ብዙዎች ሲያዩን ፊታችንን እንጂ ነገራችንን አያስታውሱም።

ከእነዚያ ዓመታት ቀደም ሲል፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። ባላገር እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ይላል። መልሱን ሳይሰማ ነገርህን አይሰማም። መፈክር ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ከዘማቾቹ መካከል ብዙዎቹ ፊደል አስተምረዋል፣ ለገበሬው ሲሉም ሕይወታቸውን የሰጡ አሉ፤ መፈክር ብቻ ይዞ የሄደው ግን ማን እንደሰማው እንጃ።

«የግል ታሪክ መናገር የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉ ደግሞ አሉ። እነዚህን ስሰማ በእውነት ይገርመኛል። ፉከራ ምንድን ነው? ሠርግ ላይ ወይም ተዝካር ላይ «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣው ሰው የሚቆጥረው የራሱን ሥራ ነው፤ የት እንደዋለ፣ ማን እንዳየው። ያልሠራውን ከቆጠረ እዚያው ከተቀመጡት መካከል አንዱ ያሳፍረዋል። በበላ ልበልሃ ሙግትስ? «ተጠየቅ! ልጠየቅ!» ተባብለው የሚቆሙት ተሟጋቾች በራሳቸው ነገር ነው የሚከራከሩት። ምስክር ሲቆም ደግሞ «ያየ ነው የሰማ?» ተብሎ ይለያል። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ሟቹን በየስሙና በየሥራው እየጠራች ታስለቅሳለች፤ «ሰው ሟች ነው» ብላ ብቻ ብትቀመጥ የማን ዓይን ያነባል?

ወደ ቤተ ክህነቱም ብንሄድ ያው ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ምድር ናት። እዚያ ያለው ደቀ መዝሙር የቀደሙትን ዜማ አንዲት ሳያጓድል ይይዛል። የቅኔው ቤት ተማሪ ግን የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ወይም የጓደኛውን ቢነጥቅ ይዋረዳል፤ ከራሱ አፍልቆ መቆም አለበት። አባቶቻችን በቃል የሚያዘውንና ከራስ የሚወጣውን ለይተው ያውቁ ነበር። እኛ ነን ሁለቱን አደባልቀን፣ በቃል የያዝነውን የጋዜጣ ቋንቋ ከራሳችን እንደወጣ አድርገን የምናቀርበው።

በዩኒቨርሲቲ ታሪክም ምሳሌ አለን። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ያቀረበውን ግጥም «ደሀው ይናገራል» ብሎ ሰየመው። «ስለ ደሀው ሁኔታ» አላለም። በእርግጥ የተናገረው ተማሪው ነው እንጂ ደሀው አይደለም፤ ይህን አንሥቶ የሚከራከረኝ ካለ አልጣላውም። ቢያንስ ግን መናገር ያለበት ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ንፋስ መውጫን ይዘው ቆይተው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የከተማዋ 16 ሴቶች በእነዚያ ቀኖች የደረሰባቸውን ተናግረዋል። ከእነሱ 14ቱ በቡድን እንደተደፈሩ ገልጸዋል። ለአካባቢው ባለሥልጣኖች ያመለከቱት ሴቶች ቁጥር ከ70 በላይ እንደነበርም እዚያው ተጽፏል። እነዚህ ሴቶች የንግግር ሥልጠና አልወሰዱም። ማይክሮፎንም አልጨበጡም። እንጀራና ሻይ ሸጠው የሚያድሩ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። መቼ፣ የት፣ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተባሉ ተናገሩ፤ የሰማ ሁሉ አመነ። ማን ይናገር የነበረ!

እኛስ ምን አደረግን? በየመድረኩ የእነሱን ቁስል ተውሰን ፎከርንበት። ንፋስ መውጫን በካርታ ላይ እንኳ የማያውቅ ልጅ «እህቶቻችን» እያለ በአዳራሽ ሲያገሣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ያቺ ሴት ፊቷን ሸፍና፣ ስሟን ደብቃ፣ ለምትፈልገው ሰው ብቻ የተናገረችውን አንተ የማጨብጨቢያ ምክንያት እንድታደርገው ማን ፈቀደልህ? ከተናገረችው ጋር ያልተናገረችም አለች፤ ዝም የማለት መብቷ እንደ መናገሯ የከበረ ነው። የሰው ታሪክ ሳያስፈቅዱ መንገር ከሌባ ፍራቻ በርን ዘግቶ በመስኮት እንደ መስረቅ ነው።

አንተ የራስህ የለህም? በዚያ ነሐሴ የት ነበርህ? እናትህ ስልክ ደውላ አልያዝ ሲልህ ምን አደረግህ? ወይስ ያን ቀን ኳስ እያየህ ነበር? እሱንም ተናገር፤ ከጩኸትህ ይልቅ እሱን እናዳምጥሃለን። የኖርከውን ለመናገር ወረቀት አያሻም፤ «ቀጥሎ ምን ነበር?» ብለህ አትፈራም።

ስለ አዲስ አበባ የማነቃቂያ ንግግር ነጋዴዎች ብዙ አልልም። «ታሪክህን ተናገርና ሚሊየነር ሁን» እያሉ ትኬት የሚሸጡት የኔ ወገኖች አይደሉም። ድህነታቸው ሁሉ በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያበቃና በአምስተኛው መኪና ይገዛሉ። ጋይንት እንዲህ ዓይነት ታሪክ አታውቅም፤ እዚያ ብዙው ታሪክ ገና አላለቀም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ወረቀት የሚያነብ አይጋበዝ። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሦስት ይምረጡ፤ አንዱ ከስማዳ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሌላው ከቦረና፣ ሌላዋ ከመርካቶ። በገዛ አነጋገራቸው፣ እየተንተባተቡም ቢሆን፣ በዓይናቸው ያዩትን አንድ ነገር ይንገሩን። ሊነግሩን የማይፈልጉትን የሚጠይቃቸው አይኑር። የሚስቅ ካለ ይውጣ። ሰዓት አይበቃም የምትሉ ከሆነ የመክፈቻውን ንግግር ሰርዙት።