ቡልቡላ ላይ መስታወት አትከምሩ!

ባለሥልጣኖቻችን ችግኝ መቁጠር ይወዳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ፤ ተጨበጨበ። ከመቂ ወደ ላንጋኖ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የተጓዘ ሰው ግን ዳር ለዳር የሚያየው በማዳበሪያ የታጨቀ ከሰል ነው። የግራሩን ዕጣ ከሰሉ ይናገር።

እኔ ዛሬ የማነሳው ስለ ቤተ መጻሕፍት ነው። «ከሰልና መጽሐፍን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ቆይማ! አብርሆት በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ወዲህ የትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ወሬ ደርቷል። እሰየው! የሚያስፈራኝ ኩረጃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ፊቱን በመስታወት የለበጠ ፎቅ አቁሙና ቀትር ላይ ግቡበት፤ ዳቦ መጋገሪያ ነው። ያለ ኤሲ አያስቀምጥም። ኤሲው መብራት ይፈልጋል፤ የመብራቱን ጠባይ እናውቀዋለን። ከዚያ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ ለናፍጣው በጀት… መጨረሻው በሩ ላይ ቁልፍ ነው። ልጁም ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ከቡልቡላ ሩቅ ሳይኬድ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አሉቶ አለ። ከምድር እንፋሎት 7.3 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ እ.ኤ.አ. በ1998 ተተከለና ብዙም ሳይቆይ በብልሽት ለዓመታት ቆመ። እንግዲህ በዚህ ተማምኖ ነው ኤሲ የሚገጠመው?

እዚያው ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት፣ የደብረ ጽዮን አባቶች ብራናውን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት በየትኛው ኤሲ ነው? ቡልቡላም ብትሆን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ሰፊ በረንዳና ነፋስ ከወዲያ ወዲህ የሚያሳልፍ መስኮት ይበቃታል። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ አያገኘውም። ጣሪያው ላይ ሶላር ይሰቀል፤ ማታ ልጆች ያጥኑበት። የዝናቡ ውኃም በታንከር ይጠራቀም፤ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ በፍሎራይዱ የስንቱን ጥርስ እንዳበለዘ የስምጥ ሸለቆ ሰው ያውቀዋል። በግቢው ያለውን ግራር ደግሞ፣ አደራ፣ ለአጥር ብላችሁ እንዳትጨፈጭፉት!

«በጀት እስኪለቀቅ» የሚለው ሰበብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2005 አዋሳ ላይ መጻሕፍቱን በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆቹ ያሉበት ድረስ ወሰዱ። አህያዋ ናፍጣ አልጠየቀች። ቡልቡላ ደግሞ የአህያም የጋሪም ችግር የለባትም፤ ወረዳው ከፈለገ የፊታችን ሰኞ ሊጀምረው ይችላል።