በጉ ራሱ ዋስ ይሁነን

ጋሸናን የማታውቋት ካላችሁ፦ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚሄደው የቻይና መንገድ ላይ፣ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍበት መገንጠያ ናት። ብዙዎቻችሁ ስሟን የሰማችሁት በጦርነቱ ነው። ኅዳር 22 ቀን 2014 ነጻ ወጣች ሲባል ፌስቡኩ ሁሉ "ጋሸና" ነበር። ምሽጓን ሁሉም ያውቃል፤ ገበያዋን ግን ስንቱ ያውቃል?

በገበያ ቀን የላስታ፣ የዋድላና የመቄት በግ ይወጣል። ነጋዴው ገዝቶ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። ገብሱና ባቄላውም እንደዚያው። በበዓል የታረደው በግ ቆዳ ደግሞ ገዢ አጥቶ ውሻ ሲጎትተው ታያላችሁ፤ ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ እያለ! እኛ ባለ ዲግሪዎቹስ? የሥራ አጥ ካርድ ይዘን ሰሌዳ ላይ "የሥራ ልምድ 2 ዓመት" የሚል ማስታወቂያ እናነባለን።

"ሥራ ፍጠሩ" ይሉናል። እሺ፣ እንፍጠር። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም እኛ ገና ሃይስኩል ነበርን፤ እስክንመረቅ ይደርሰናል ብለን ነበር። ተመርቀን፣ በግ ልናደልብ አምስት ሆነን ተደራጀን። ዕቅድ ጻፍን፣ ማኅተም አስመታን። አበዳሪው የጠየቀን ምን መሰላችሁ? ቋሚ ደሞዝተኛ ዋስ! የምናውቀው ደሞዝተኛ አንድ መምህር ነው፤ እሱም ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ጨርሷል። ሥራ የሌለው ሥራ እንዲጀምር፣ ሥራ ያለው መያዣ ይሁን ማለት ነው። ይሄ እንዴት ነው የሚሆነው? ከአምስታችን አንዱ አሁን በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ሊገባ ወጥቷል። እናቱ ስልክ እየጠበቁ ነው።

የሚያናድደው፣ ሕጉ አለ። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይባላል። ቤትና መሬት ብቻ ሳይሆን እንስሳና ሰብልም ለብድር መያዣ መሆን ይችላል ይላል። ማለትም የምናደልበው በግ ራሱ ዋሳችን መሆን ይችላል። ባንክ በሬዲዮ "በከብት እናበድራለን" ሲል ሰምታችሁ ይሆናል፤ መገንጠያችን ላይ ያለው መስኮት ግን ዛሬም ደሞዝተኛ አምጡ ነው የሚለው።

ወንድም እህቶቼ፣ ስለ ወሎ ታሪክ በየቀኑ እንጽፋለን፣ ጥሩ ነው። የበግ ዋጋና የብድር ፎርምስ የማን ጉዳይ ነው? ሰኞ ቢሮ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፣ አሥርም አሥራ አምስትም ሁኑ። የአዋጁን ቁጥር ጠርታችሁ "በበጋችን አበድሩን" በሉ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ ጠይቁ። እኛም በሚቀጥለው ሳምንት አራት ሆነን እንሄዳለን።