በሰው ዶላር «ሲ5 ግዛ!»

ቤቱ ውስጥ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ለሚሠራ ወጣት የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ቦል ስክሩ ላይ አትሰስት፣ ሲ5 ግዛ!» ቦል ስክሩ የሞተሩን ዙር በብረት ኳሶች አማካይነት ወደ ግፊት ለውጦ የማሽኑን ጠረጴዛ የሚነዳው ዘንግ ነው። የሚመጣውም ከውጭ ነው። ብር ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ምክር እንደ ዋዛ መወርወር ነውር ነው።

እስኪ ቁጥሩ ይታይ። ርካሹ ሲ7 በ300 ሚሊሜትር ርዝመት የሚፈቀድለት ስህተት 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ ሲ5 ወደ 0.02 ገደማ ያወርደዋል። ከቱቦላሬ የተበየደ አካል ግን መቁረጫው ብረት ሲነክስ ከዚያ በላይ ሊለመጥ ይችላል! የዘንጉ ስህተት ተለክቶ በሶፍትዌር ይታረማል፤ ልምጥምጥ አካልን የሚያርም ሶፍትዌር የለም።

ተራ ክር ብረት ይግጠም ማለት አይደለም፤ እሱ አብዛኛውን ጉልበት በሰበቃ ይበላል። ሲ7 ይግዛና የተረፈውን ልቅነት ለሌለው ዳዶ፣ የዘንጉን ጫፍ ጠፍረው ለሚይዙ ጥንድ ኩሽኔታዎችና ለወፍራም ብረት ያውለው። ስለ ኩሽኔታ ግን አማካሪዎቹ ትንፍሽ አይሉም። ቦል ስክሩ ራሱን እንደማይቆልፍ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከባዱ የማሽኑ ራስ ቁልቁል ሊንሸራተት እንደሚችል፣ ፍሬን እንደሚያስፈልገውም የነገረው የለም።